ሃያ አራት አቮካዶ በአንድ ምሽት፦ የአንድ ቤት የፍሪዘር ተሞክሮ

ለምን ተጻፈ

አቮካዶ ሲጠፋ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ሲበዛም ያስቸግራል። ቀናት ሙሉ ድንጋይ ሆኖ ይቆይና በአንድ ቀን ሁሉም እኩል ይበስላል። ከዚያ ሁለት ቀን ካለፈው ግማሹ ይጠቁራል።

እዚህ የምጽፈው የአንድ ቤተሰብን ጉዳይ ነው። ሁለት ጊዜ ብዙ አቮካዶ ደረሳቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ከተቱት። በመጀመሪያው ዙር አብዛኛው ተጣለ። በሁለተኛው አብዛኛው ተበላ። ፍሪዘሩ ያው ነው፣ ፍሬውም ከዚያው ዛፍ ነው። የተለወጠው ፍሬው ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት የተሠራው ሥራ ነው። እኔ ለቤቱ ቅርብ ወዳጅ ነኝ። በሁለተኛው ዙር አብሬያቸው ሠርቻለሁ፣ ማስታወሻም ይዣለሁ። የማንንም ስም አልጠቅስም።

ዳራው

ቤተሰቡ አምስት ነው፤ እናት፣ አባት፣ ሁለት ልጆች እና የአባትየው እናት። ፍሬው የመጣው ግቢው ውስጥ ዛፍ ካለው ዘመድ ነው። በአንድ ካርቶን 24 አቮካዶ። ሲመጣ ሁሉም ጥሬ ነበር። ይህ አያስገርምም፤ አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም። ያድጋል፣ ቅባቱ ይጨምራል፣ መለስለስ የሚጀምረው ግን ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ካርቶኑን ዘግተው ወጥ ቤት ጥግ አስቀመጡት። ከላዩ የሙዝ እጅ አደረጉበት። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ብዙ ነገር የጀመረው ከእሷ ነው። የሚበስል አቮካዶም ሙዝም ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ አጠገብ ያለውን ፍሬ እንዲበስል ይገፋፋል። በተዘጋ ካርቶን ውስጥ አንዱ ሌላውን ይጎትታል ማለት ነው። አምስት ቀን ሙሉ ማንም አልከፈተውም። የዚህ ዛፍ ፍሬ ደግሞ ሲበስልም ልጣጩ አረንጓዴ ነው። ሃስ የሚባለው ዝርያ ሲበስል ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ እንደ ፉዌርቴ ያሉት ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ። እናትየዋ "እስኪጠቁር" ስትጠብቅ ነበር። በአምስተኛው ቀን ማታ አንዱን ስትነካው ጣቷ ሰመጠ። ሁሉም በስለዋል።

ፍሪጁ መካከለኛ ነው። ላይኛው የፍሪዘር ክፍል ወደ 50 ሊትር የሚይዝ ሲሆን ግማሹ በሌላ ነገር ተይዞ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር

ሰዓቱ መሽቷል፤ ነገ ሥራ አለ። ስለዚህ እንደመጣላቸው በሦስት መንገድ አስቀመጡት።

10 ፍሬ ሳይታጠብና ሳይላጥ እንዳለ በፌስታል ገባ። 8 ፍሬ ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ ሁሉም በአንድ ላስቲክ ተከመረ። የቀረው 6 ፍሬ ተፈጭቶ ባለ ሁለት ሊትር ዕቃ ውስጥ ገባ። ዕቃው እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ ሞላ። አያትየው አጠገብ ቆመው ነበርና "ዘሩን አትጣይው ልጄ፣ እሱ ነው እንዳይጠቁር የሚጠብቀው" አሏት። አንድ ዘር መሃል ላይ ተደረገ። ሎሚ አልተጨመረም። ቀንም አልተጻፈም።

በማግስቱ ጠዋት እናትየዋ ዕቃውን ከፍታ አየችው። ዳሩ ደርቋል፣ መሃሉ ግን በማንኪያ ሲነካ ገና ለስላሳ ነው። "ቀስ እያለ ይረጋል" ብላ ዘጋችው። በኋላ ስትነግረኝ ይህን እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችኝ። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የነገረኝ ይሄ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከፈቱት።

ሳይላጥ የገባውን ጠረጴዛ ላይ አቀለጡት። ልጣጩ እንደ ጓንት ወለቀ። ሥጋው ግን ውሃ ያዘለ ስፖንጅ ሆኗል፤ ግራጫ መልክ አለው፣ ጥቋቁር ክሮችም ወጥተውበታል። ከ10ሩ 3ቱ ብቻ ለጁስ ተርፈዋል። የተቆራረጠው እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ጓል ሆነ። በቢላ ተመትቶ ተለያየ፤ ሲቀልጥ ላዩ ቡናማ፣ ውስጡ የላሸቀ ነበር። ልጆቹ ሰላጣ ውስጥ አይተውት አልነኩትም።

የተፈጨው ይሻላል። ከላይ ጣት የሚያህል ውፍረት ጠቁሯል፤ ከሥሩ ግን መልኩ ደህና ነበር። ችግሩ ሌላ ሆነ። ሁለት ብርጭቆ ጁስ ለመሥራት አንድ ኪሎ የሚሆነውን ጓል በሙሉ ማቅለጥ ግድ ነበር። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ቆይቶ ተጣለ።

አብረን ስናሰላው ከ24ቱ የተበላው 9 ቢሆን ነው። እናትየዋ በጣም አዘነች። ሰው ለቅሞ፣ ተሸክሞ ያመጣላትን ምግብ መጣል ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም። ለእኔም አይደለም። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ምን ነበር የተበላሸው?

ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ።

የመጀመሪያው መጥቆሩ ነው። በአቮካዶ ሥጋ ውስጥ ፖሊፊኖል ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ፍሬው ሲቆረጥ ወይም ሲፈጭ ሕዋሳቱ ይቀደዳሉ። ያኔ ኢንዛይሙ ተለይተው ከነበሩ ፊኖል ከሚባሉ ውሕዶች ጋር ይገናኛል፤ ከአየር ኦክስጅን ሲያገኝ ደግሞ ቡናማ ቀለም ይፈጠራል። ብርድ ይህን ሥራ ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። እንዲያውም በረዶው ራሱ ሕዋሳቱን ይበጣጥሳል። በረዶው ሲለቅ ኢንዛይሙ ተፈቶ ይወጣና ከትኩሱ ፍሬ በፈጠነ ሁኔታ ያጠቁረዋል። ብዙ ሰው "ፍሪዘር ውስጥ ጠቆረብኝ" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የጠቆረው ጠረጴዛ ላይ ሲቀልጥ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ብዙ አትክልት ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት በፈላ ውሃ ነከር ይደረጋል፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። አቮካዶንስ ለምን እንዲሁ አናደርገውም? ምክንያቱም አቮካዶ ሲሞቅ ይመራል። ስለዚህ በሙቀት መከላከል አይቻልም። የቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አሲድ መጨመርና አየር መከልከል።

ሁለተኛው መላሸቁ ነው። የአቮካዶ ሥጋ ቅባታም ስለሆነ ውሃ የሌለው ይመስላል። እውነቱ ግን ከመቶው ከ70 በላዩ ውሃ ነው፤ ቅባቱ ወደ 15 ይጠጋል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀስ ብሎ የረጋ ውሃ ደግሞ ትልልቅ የበረዶ ጠጠር ይሠራል፤ ቶሎ የረጋው ትንንሽ። ትልልቁ ጠጠር የሕዋሱን ግድግዳ ይሰብራል። ሲቀልጥ ውሃው ይፈሳል፣ ሥጋው ይላሽቃል።

ያ ጠዋት ላይ ያልረጋው የዕቃው መሃል የሚናገረው ይህን ነው። በዚያ ምሽት አምስት ኪሎ የሚጠጋ ሙቅ ነገር በአንድ ጊዜ ፍሪዘሩ ውስጥ ገብቷል። የቤት ፍሪዘር በ24 ሰዓት ውስጥ በደንብ ሊያረጋ የሚችለው በአንድ ሊትር ቦታ ከ32 እስከ 48 ግራም አዲስ ምግብ ነው። ለ50 ሊትር ፍሪዘር ከ1.6 እስከ 2.4 ኪሎ ማለት ነው። እነሱ ከእጥፍ በላይ ጫኑበት። በዚያ ላይ ክምር ነበር። ብርዱ ከዳር ተነስቶ መሃል እስኪደርስ ሌሊቱ ነጋ።

ሦስተኛው ብዙም የማይወራለት ነገር ነው። አንዳንዱ ፍሬ ገና ሲገባም ጊዜው ያለፈበት ነበር። ጥቋቁሩ ክሮች በፍሪዘር የመጡ አይደሉም። በአምስተኛው ቀን ማታ ሁሉም "በስሏል" ተባለ እንጂ በእርግጥ አንዳንዱ በስሎ አልፎ ነበር። ፍሪዘር የገባበትን ነገር ባለበት ያቆያል፤ አያድሰውም።

የዘሩን ነገር በተመለከተ አያትየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ዘሩ የነበረበት ቦታ ሥር ያለው ሥጋ አረንጓዴ እንደሆነ ነበር። ግን የዘሩን ያህል ስፋት ብቻ ነው። ዘሩ የሚጠብቀው አየር ስለሚሸፍን ነው፤ ሌላ ምንም ነገር የለውም። አንድ ቁራሽ ላስቲክ ሙሉ ገጹን ይሸፍናል። ይህን ሳሳያቸው አያትየው ራሳቸው ላስቲኩን ወስደው አለበሱት፤ ከዚያ በኋላ የላስቲኩ ሥራ የእሳቸው ሆነ።

ሁለተኛው ዙር

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ 30 ፍሬ መጣ። በዚህ ጊዜ ሥራው የተጀመረው በመጣበት ቀን ነው።

*መለየት።* ካርቶኑ ተከፍቶ ፍሬው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ዘመድየው በተለያየ ቀን ስለለቀመው ሁኔታው እኩል አልነበረም። በመዳፍ ቀስ ተደርጎ ተጨበጠ እንጂ በጣት ጫፍ አልተወጋም፤ በጣት የተወጋ ቦታ በኋላ ይጠቁራል። 12ቱ ጠንካራ ነበሩ። 11ዱ በመጠኑ እሺ ይላሉ፤ ደርሰዋል። 7ቱ በጣም ለስልሰዋል። ጠንካራዎቹ ከሙዝ ርቀው፣ ተነጣጥለው ውጭ ቀሩ። የደረሱት ታችኛው ፍሪጅ ውስጥ ገቡ፤ የበሰለ አቮካዶ እዚያ ሁለት ሦስት ቀን ይታገሣል። ጥሬውን ግን ፍሪጅ ማስገባት አይገባም፤ ብርዱ ይጎዳውና በኋላ በደንብ አይበስልም።

በጣም ከለሰለሱት 7ቱ ውስጥ 2ቱ ተጣሉ፤ ሽታቸው ተለውጦ ነበር። የ5ቱ ጥቁር ቦታ ተቆርጦ ወጣና የዚያኑ ቀን ዳቦ ላይ ተቀብቶ ተበላ። ወደ ፍሪዘር አንዱም አልገባም። እዚህ ላይ እናትየዋ ተከራክራኝ ነበር። "ሊበላሽ የደረሰውን እኮ ነው ማትረፍ ያለብን" አለች። ሐሳቧ ይገባኛል፤ ሁላችንም የምናስበው እንደዚያ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ሊያልፍ የደረሰውን ዛሬ ብሉት፤ ለፍሪዘር የሚሆነው ዛሬ ብትበሉት ደስ የሚላችሁ ፍሬ ነው።

*ማጠብ።* ከመቆረጡ በፊት ሁሉም በሚወርድ ውሃ ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ ደርቋል። ልጣጩን አንበላው፣ ምን ያደርጋል? ቢላው ልጣጩን ቀዶ ሲገባ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ይገባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2014 ጀምሮ በሰበሰባቸው ናሙናዎች ላይ ባደረገው ምርመራ ከልጣጮቹ ከ17 በመቶ በላዩ ላይ ሊስቴሪያ የተባለውን ባክቴሪያ አግኝቷል። በሥጋው ውስጥ የተገኘው ግን ከአንድ በመቶ በታች ነው። ሊስቴሪያ በፍሪዘር አይሞትም፤ ፍሪጅ ውስጥም ሊራባ ይችላል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና በዕድሜ ለገፉ ሰዎች አደገኛ ነው። እዚህ ቤት አያት አሉ፤ ስለዚህ ይህን እርምጃ ማንም እንዲዘለው አልፈቀድንም።

*መፍጨት።* በዚያ ምሽት ከደረሱት 11 ፍሬዎች 3ቱ ለነገ ተቀመጡ፣ 8ቱ ተሠሩ። ሁለቱ ለሁለት ተከፍለው እንዲሁ እንዲቆዩ ተወሰነ፤ ለሙከራ ነው። 6ቱ በሹካ ተፈጩ። ብሌንደር አልተጠቀምንም። ብሌንደር እየመታ አየር ያስገባበታል፤ ያን አየር ነው ደግሞ የምንሸሸው።

*ሎሚ።* ለሁለት አቮካዶ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። የሎሚው አሲድ ኢንዛይሙን ያዳክመዋል፤ ውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲም ቡናማው ቀለም ከመፈጠሩ በፊት ሂደቱን ወደኋላ ይመልሰዋል። ላዩ ላይ ማርከፍከፍ አይበቃም፤ በደንብ መደባለቅ አለበት።

*ከረጢቱ።* ዚፕ ያለው ወፈር ያለ የፍሪዘር ላስቲክ ተገዛ። በእያንዳንዱ ሁለት መቶ ግራም ገደማ ገባ፤ ለአንድ ጊዜ የሚበቃቸው ያን ያህል ነው። ከዚያ እንደ ደብተር ጠፍጣፋ ሆኖ ተዳመጠ፤ ውፍረቱ ከጣት አይበልጥም። አየሩን ለማስወጣት ቀላል ዘዴ አለ። የከረጢቱን አፍ በትንሹ ክፍት ትቶ ወደ ውሃ ማጥለቅ ነው፤ አፉ ብቻ ከውሃው በላይ ይቀራል። ውሃው ላስቲኩን ከውጭ ይጫነዋል፣ አየሩ በአፉ ይወጣል፤ ያኔ ዚፑ ይዘጋል። ትንሿ ልጅ ይህን ሥራ ወደደችው። ትልቁ ልጅ ደግሞ በማርከር ቀኑን፣ መጠኑንና "ሎሚ አለው" የሚለውን ጻፈ። መጻፉ ከረጢቱ ባዶና ደረቅ እያለ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ማርከር አይዝም።

ሁሉም በብረት ትሪ ላይ ተነጣጥለው ተደረደሩ እንጂ አልተከመሩም። ፍሪዘሩ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም እንደ ጣውላ ደርቀዋል፤ ያኔ እንደ መጽሐፍ ቆመው ጥግ ያዙ። በዚያ ምሽት የገባው በጠቅላላ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። 12ቱ ጥሬዎች በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን ሲደርሱ ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት ምሽት ገቡ።

ጎን ለጎን የሞከርነው

ክርክር ስለነበረ አራት ትንንሽ ከረጢቶች ከአንድ ሳህን ተሞልተው ለብቻ ተቀመጡ። አንዱ ሎሚ የለውም፣ አየሩ ግን ወጥቷል። ሁለተኛው ሎሚ አለው፣ አየሩ አልወጣም። ሦስተኛው ሁለቱም ተደርጎለታል። በአራተኛው በሎሚ ፋንታ የአስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) ዱቄት ገባ፤ አየሩም ወጥቷል። የዱቄቱ መጠን በጣም ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሊትር ያህል የተፈጨ አቮካዶ የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ ይበቃል። ለትንሿ ከረጢት ቆንጥረን ነው የጨመርነው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ አራቱም አንድ ላይ ተከፈቱ። ሎሚ የሌለው ፍሪዘር ውስጥ እያለ አረንጓዴ ነበር። ሳህን ላይ ወጥቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መቡነን ጀመረ። ሎሚ ኖሮት አየር ያለው ላዩ ደብዝዟል፤ ዳሩ ላይ ደርቆ ነጣ ያለ ቦታም ነበረው። ሦስተኛውና አራተኛው በመልክ አይለያዩም። በጣዕም ግን ይለያያሉ። ዱቄቱ ያለው የአቮካዶ ጣዕም ብቻ ነው ያለው።

እኔ ከዚህ በፊት ዋናው ሎሚው ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም። ፍሪዘር ውስጥ የሚጠብቀው አየር አለመኖሩ ነው፤ ሎሚው የሚያስፈልገው ለሚወጣበት ሰዓት ነው። ሁለቱ በተለያየ ጊዜ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሌላውን አይተካውም።

ሲወጣ

ለዳቦ ወይም ለመጥቀሻ የሚሆነው ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይወርዳል። ጠፍጣፋ ስለሆነ ጠዋት ዝግጁ ነው። ሲቸኩሉ ከረጢቱ እንደተዘጋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ለጁስ ማቅለጥ ጨርሶ አያስፈልግም፤ እንደ ብስኩት ተሰብሮ በቀጥታ ብሌንደር ውስጥ ይገባል። ለመጥቆርም ጊዜ አያገኝም።

ከቀለጠ በኋላ ትንሽ ውሃ ለይቶ ያወጣል። መልሶ በማንኪያ ማማሰል ነው። የቀለጠው በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ ያልቃል። ዳግመኛ ወደ ፍሪዘር አይመለስም።

በመሃል አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ለሰባት ሰዓት ያህል። አባትየው "እንይ" ብሎ ሊከፍት ሲል እናትየዋ ከለከለችው። ልክ ናት። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው 24 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል። ጠዋት ሁሉም እንደ ጣውላ ነበሩ።

ያልሠራው

ለሁለት ተከፍለው የገቡት አራቱ ግማሾች ብዙ ተደክሞባቸው ነበር። በሎሚ ተቀብተዋል፣ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ተጠቅልለዋል፣ ከረጢት ውስጥ ገብተዋል። መልካቸው ቆንጆ ሆኖ ወጣ። በቢላ ሲቆረጡ ግን አልቆሙም፤ ለሰላጣ አይሆኑም። ተፈጭተው ዳቦ ላይ ተበሉ። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያውኑ መፍጨት ይሻል ነበር፤ ቦታም ይቆጥባል። በቤት ፍሪዘር ቁራጩን ቁራጭ እንደሆነ ማቆየት እኔ አልተሳካልኝም። ለሰላጣ የሚሆነው ትኩሱ ነው።

የሎሚው መጠንም አንድ ጊዜ አስቸገረ። በሦስተኛው ምሽት አባትየው "ይብዛ፣ ይጠብቀዋል" ብሎ ለእያንዳንዱ አቮካዶ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨመረ። መልኩ እንደ ሌሎቹ ነው፤ የተሻለ ነገር አላመጣም። ከወተት ጋር ሲመታ ግን ኮመጠጠ፣ ልጆቹም አልጠጡትም። እነዚያ ከረጢቶች ጨውና ሽንኩርት ተጨምሮባቸው ለዳቦ ዋሉ። ለጁስ የሚሆነውን ለብቻ መሥራትና ዱቄቱን መጠቀም ይሻል እንደነበር ያኔ ነው የገባን።

ሌላም ነገር አለ። አባትየው በስልኩ አንድ ቪዲዮ አይቶ ከ30ው ውጭ የሆኑ አምስት ፍሬዎች ሳይላጡ ውሃ በሞላ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ ነበር፤ ለሳምንታት ትኩስ ይቆያል የሚባለው ዘዴ ነው። ሳየው እንዲያወጣው ለመንኩት። ፍሬው ትኩስ ይመስላል፤ ግን ልጣጩ ላይ ያለው ባክቴሪያ ውሃው ውስጥ ይራባል፣ ወደ ሥጋውም ሊዘልቅ ይችላል። ያው የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በ2022 ሰዎች ይህን እንዳያደርጉ አሳስቧል። አያትየው የሚበሉበት ቤት ውስጥ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አባትየው አልተከፋም፤ አምስቱም ተጣሉ።

ሌላ ቤት ምን ሊወስድ ይችላል?

ከሁሉም በፊት የምለው ፍሬው የመጣ ቀን ካርቶኑን ክፈቱ ነው። አምስት ደቂቃ ወስዶ መለየቱ በአንድ ምሽት 24 ፍሬ ከመላጥ ያድናል። ሁለተኛው ዙር ቀላል የሆነው ጎበዝ ስለሆንን አይደለም፤ ሥራው በሦስት ምሽት ስለተከፋፈለ ነው። ፍሪዘሩም ትንፋሽ ያገኘው በዚሁ ነው። ትንሽ ፍሪዘር ያለው ሰው ይህን ከማንም በላይ ልብ ይበል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መጫን ምግቡን ሳያረጋ ያሳድረዋል።

ሁለተኛ፣ ከመቆራረጣችሁ በፊት በኋላ በምን እንደምትበሉት ወስኑ። ለጁስ ከሆነ በበረዶ መሥሪያ ትሪ ማርጋትም ይቻላል፤ ከረጋ በኋላ ወደ ከረጢት ይገለበጣል። ለዳቦ ከሆነ ጠፍጣፋው ይሻላል። መጠኑ በአንድ ጊዜ የሚበላውን ያህል ይሁን። የመጀመሪያው ዙር ትልቅ ዕቃ ውስጥ ብዙ ደህና ምግብ ነበር፤ የተጣለው ጓሉ ትልቅ ስለነበር ብቻ ነው። ዕቃ የግድ ከሆነ ደግሞ ትንንሽ ይሁን፤ ለመለጠጫ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይቅርለት፣ ላስቲኩም ገጹን ነክቶ ይልበስ።

ስንት ጊዜ ይቆያል ለሚለው፣ እነሱ እስከ አራት ወር የቆየውን በደስታ በልተዋል። በደህና ፍሪዘር ከሦስት እስከ ስድስት ወር ጥሩ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ቅባቱ እየተበላሸ ይሄዳል። አንድ ከረጢት ጥጉ ላይ ተበስቶ ነበር፤ በአምስተኛው ወር ሲከፈት የቆየ ዘይት ሸተተ። ከ30ው በመጨረሻ የተጣሉት ይህ ከረጢትና መጀመሪያ ያለፈባቸው ሁለቱ ናቸው።

የተበሳውን ከረጢት ያገኘችው ትንሿ ልጅ ናት። አሁን ትሪው ላይ ከመደርደራቸው በፊት እያንዳንዱን ከረጢት አንድ ጊዜ ጫን ብላ ታያለች። አየር ካሾለከ ወደ ሌላ ይገለበጣል።